እትዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?

ጥቅምት 6

ለሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ ልጄ? አቧራው፣ ፀሐዩ፣ የመንገድ ሥራ ካምፑ ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። መልሱን እየጀመርኩ ስተወው፣ እየጀመርኩ ስተወው ይኸው ወር አለፈው። ይቅር በይኝ፤ ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

"አባዬ እንዴት ነው?" ብለሽ ከላይም ከታችም ጠይቀሽኛል። ደህና ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፊቱን ራሱ ይላጫል። ጭንቅላቱ ብዙ ነገር ቢረሳም እጁ ምንም አልረሳም። መስታወቱ ፊት ቆሞ አገጩን ቀና ሲያደርግ፣ ያ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ሱቁ በር ላይ ደንበኛ የሚጠብቀው ጸጉር አስተካካይ ነው የሚመስለኝ።

ከማኅበሩ ሰው ተመድቦልናል። አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየመጣ የሚያግዝ ማኅበር ነው፤ አባትሽን የምታየው ነርስም ከዚያው ናት። የተመደበልን ግን ግንድ የሚያክል ጎልማሳ ነው። ድሮ የሰፈር ኳስ ያጫውት ስለነበር ሰው ሁሉ "ዳኛው" ነው የሚለው። ጠዋት ጠዋት እየመጣ አባትሽን ያጥበዋል፣ ያለብሰዋል፣ እጁን ይዞ ግቢውን ያዞረዋል፤ ለእኔም የጎደለውን ገዝቶ ያመጣልኛል። ስሙን ስሰማ ቀይ ካርድ መዝዞ የሚገባ መስሎኝ ነበር። እስካሁን ከቤቴ አላስወጣኝም።

ለጆሮዬም አንድ ነገር አድርገውልኛል። የበሩ ደወል ሲጫን ሳሎን ውስጥ መብራት ቦግ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጬ የሰውን ድምፅ ከሰው ሳገናኝ ኖሬ፣ አሁን የበሬን ደወል በዓይኔ ሆነ የምሰማው። ሳቂ እንጂ!

ሳሎን መተኛቴን ማን እንደነገረሽ አውቄያለሁ። ከተማ በወጣሽ ቁጥር ለዳኛው ስልክ እንደምትደውዪለት የማላውቅ መሰለሽ? ምክንያቱ ምንም አይደለም። አባትሽ ሲያንኮራፋ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ይኸው ነው።

አንቺ ግን መቼ እንደምትመጪ ባለፈውም ጠይቄሽ ዘለልሽው።

እናትሽ


ጥቅምት 29

እማዬ፣

ሰላም ነሽ? ደብዳቤሽ ሲሚንቶ ከሚያመጣው መኪና ጋር ደረሰኝ፤ ፖስታው ላይ የሹፌሩ አውራ ጣት በግሪስ ታትሞበታል። እኔ ጤነኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከቤተ ሙከራው ሳልወጣ አፈር እመዝናለሁ፣ አደርቃለሁ፣ መልሼ እመዝናለሁ። ስለ አበላሌ አትጨነቂ፤ የካምፑ ምግብ ቤት ሾርባ ቢሰለችም ያጠግባል።

አሁን ወደ ማንኮራፋቱ ልምጣ። እማ፣ አንቺ እኮ ነጎድጓድ የማትሰሚ ሰው ነሽ! ባለፈው ዓመት ብርጭቆ ከጎንሽ ወድቆ ሲደቅ ዞር እንኳ አላልሽም። የአባዬ ማንኮራፋት በየት በኩል ገብቶ ነው እንቅልፍ የነሳሽ? ልትዋሺኝ ከፈለግሽ እንኳ የሚመስል ነገር ፈልጊ።

ሳሎን ስትተኚ በሩን ትቆልፊያለሽ? ይህን ስጠይቅሽ እጄ ይከብደኛል፤ ግን መልሺልኝ። ምላጮቹስ የት ናቸው? "ፊቱን ራሱ ይላጫል" ያልሽው ጋ ስደርስ አፈሩን ሚዛን ላይ ትቼ ቆሜ ቀረሁ። ያ ከቆዳ የተሠራው ማኅደር አሁንም ከመስታወቱ ሥር ነው የሚቀመጠው?

ስለ መምጣቴ፣ ዝናቡ ሳይገባ አስፋልቱ መነጠፍ አለበት። አለቃችን ለማንም ፈቃድ አልሰጥም ብሏል። አትቀየሚኝ።

ልጅሽ


ኅዳር 17

ለሚጣዬ፣

ያዝሽኝ። ከልጅነትሽም እንዲህ ነበርሽ፤ አንቺ ፊት የተንሻፈፈ ነገር አያልፍም። አንቺ እዚያ አፈር ትመረምሪያለሽ፣ እኔ እዚህ አባትሽን እመረምራለሁ፤ የሚያስቀው የሁለታችንም ውጤት ከቀን ቀን መለዋወጡ ነው።

እሺ ልንገርሽ፤ ግን አትደንግጪ። አባትሽ አንዳንድ ጠዋት ሲነሳ አጠገቡ የተኛችው ሴት ማን እንደሆነች አይገባውም። መጀመሪያ ሰሞን በጨዋ ደንብ ነበር የሚጠይቀኝ። ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ስቦ "እትዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?" ይለኛል። ተሳስታ የገባች የጎረቤት ሴት መስየው። እኔ እስቅ ነበር። እሱ ግን አይስቅም። እየቆየ "እትዬ" መባሌ ቀረና "ሴትዮ፣ ሚስቴን የት አደረግሻት?" መጣ። አልጋውን የለቀቅሁት ያን ጊዜ ነው። አዎ፣ በሩን እቆልፋለሁ።

ክፋት የለበትም፣ ታውቂዋለሽ። የተበላሸው በእኔ ጆሮ ነው። ከኋላዬ መጥቶ ያናግረኛል፤ እኔ አልሰማውም፤ ዝም ስለው ደግሞ የናቅሁት ይመስለዋል። ማንነቷን የማታውቂያት ሴት ቤትሽ ገብታ፣ ስታናግሪያት ጀርባዋን ብትሰጥሽ አንቺስ ምን ትያለሽ?

ስለዚህ ዕቃ አዛወርኩ። ወንበሬን ግድግዳ አስጠጋሁ። ምድጃውን ዳኛው ገፍቶ አዞረልኝ፤ አሁን በሩን እያየሁ ነው የምሠራው። መስታወት ባለበት ሁሉ ከኋላዬ ያለውን አያለሁ። አልዞርም ያለኝ የዕቃ ማጠቢያው ብቻ ነው፤ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ነው። እዚያ ስቆም ቶሎ ቶሎ ነው የማጥበው።

የምላጮቹን ነገር ባትጠይቂኝ ደስ ይለኝ ነበር። ማኅደሩን ከመስታወቱ ሥር አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር ደብቄዋለሁ። ዳኛው ሲመጣ አንዱን አውጥቼ እሰጠዋለሁ፤ አባትሽ እሱ እያየው ተላጭቶ ሲጨርስ መልሼ እደብቀዋለሁ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሄጄ ከፈትኩት። አንደኛው ማስገቢያ ባዶ ነው። ምናልባት ድሮም ጎድሎ ይሆናል። ከዳኛው ጋር ፍራሹን፣ ኪሶቹን፣ የጫማዎቹን ውስጥ ሳይቀር በረበርን። የለም።

ዳኛውን ለነርሷ እንዳይነግራት ለምኜዋለሁ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ብቻ ዝም እላለሁ ብሎኛል። አትቆጪኝ። ነርሷ ብትሰማ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ትወስደዋለች።

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ባለፈው ስትመጪ ፈቃድሽ ሳያልቅ ሻንጣሽን ይዘሽ የሄድሽው ምን ሆነሽ ነው? በሩ ላይ ስስምሽ ፊትሽ ቀዝቅዞ ነበር።

እናትሽ


ታኅሣሥ 3

እማዬ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ። ይህን እንዳነበብሽ ለነርሷ ንገሪያት። ዛሬውኑ። እስከ ወሩ መጨረሻ አትጠብቂ። ዳኛው እስኪነግራትም አትጠብቂ። ከአባዬ ጋር ብቻሽን አትቀመጪ፤ ዳኛው ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ አብረሽው ውጪ። የጎደለው ምላጭ ድሮም ጎድሎ ነበር ብለሽ ራስሽን አታታልዪ፤ አባዬ ምላጭ የሚጎድልበት ሰው እንዳልነበረ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ያለፈው ጊዜ በሥራ ምክንያት ነው የሄድኩት። ነግሬሽ የለም እንዴ?

ልጅሽ


ጥር 9

ለእህቴ፣

ይህን የምጽፍልሽ እኔ ዳኛው ነኝ። የእማማ ቀኝ እጅ ስለታሰረ እሳቸው እየተናገሩ እኔ እጽፋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ቃል የእሳቸው ነው።

"ልጄ ሚጣ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እጅግ በጣም ደህና ነን። የሰው ጽሕፈት ስታዪ እንዳትደነግጪ። ሰሞኑን ዕቃ ሳጥብ አዳለጠኝና ወደቅሁ፤ የተሰበረ ብርጭቆ መዳፌን ትንሽ ጫር አደረገኝ። ክሊኒክ ሄጄ ተሰፍቷል። አባትሽም ደህና ነው፤ ምንም የተፈጠረ"

እህቴ፣ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጥኩ። "እማማ፣ እኔ ይህን አልጽፍም" አልኳቸው። ከንፈሬን አይተው ገባቸው።

"ያልኩህን ጻፍ!"

"ሜዳ ላይ በዓይኔ ያየሁትን ጥፋት አላየሁም ብዬ አላውቅም። አሁንም አልልም።"

"እንግዲያው ወዲህ በለው" ብለው ወረቀቱን ነጠቁኝ። ግቢ ወጥቼ ከአባባ ጋር እቀመጣለሁ። ቀሪውን እሳቸው ይጻፉት።

ሚጣ፣ ይህ የግራ እጄ ነው። ፊደሌ ቢወላገድ ታገሺኝ።

አልወደቅሁም። ዳኛው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። አብረሽው ውጪ ብለሽኝ ነበር፤ ለዳቦ ብዬ ልብስ መቀየሩ ታከተኝ። ማጠቢያው ጋ ቆሜ ቶሎ ለመጨረስ ስጣደፍ፣ ከኋላዬ ስንት ጊዜ እንደጠራኝ አላውቅም። የወለሉ ጣውላ እግሬ ሥር ሲርገበገብ ተሰማኝና ዞርኩ። የጠፋው ምላጭ እጁ ላይ ነበር። ፊቴን በመዳፌ ከለልኩት። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ደሙን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ምላጩን ጣለው። ፎጣ ከመስቀያው አውርዶ አጠፈና መዳፌ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያዘው፤ ሱቁ ውስጥ ሰው ሲቆረጥበት እንደሚያደርገው። ከንፈሩን አነበብኩት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ ደንበኛዬ፣ እጄን ሳተኝ" ነበር የሚለው። ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ዳኛው ዳቦውን ይዞ እስኪገባ እንደያዘኝ ቆመ።

እጄ ደከመኝ።


ጥር 21

እማዬ፣

የግራ እጅሽን ጽሕፈት ትራሴ ሥር አድርጌው ነው የሰነበትኩት። መልስ ለመጻፍ ስቀመጥ ብዕሩ ከጣቴ ይወድቃል። ዛሬ ግን አንድ የዘለልኩብሽን ጥያቄ ልመልስልሽ።

ያን ጊዜ የሄድኩት በሥራ አልነበረም። ሳሎን ተቀምጬ ጸጉሬን ሳበጥር አባዬ ከኋላዬ መጣ። ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደው። ደስ አለኝ፤ ልጅ ሳለሁ እሱ አልነበር ጸጉሬን የሚያበጥርልኝ? ሦስት አራቴ በቀስታ አበጠረኝ። ከዚያ ጸጉሬን ከሥሩ ጨምድዶ ያዘና ጭንቅላቴን ወደ ኋላ ሳበው፤ ሌላው እጁ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ጆሮዬ ሥር "ልጁ ነኝ እያልሽ የምትመላለሺው ማን ልኮሽ ነው?" አለኝ። ድምፁ የአባዬ ድምፅ ነበር፤ አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ያስፈራኝ እሱ ነው። እኔ ግን ጮኬ ጠራሁሽ። አልሰማሽኝም።

በኋላ ሻይ ይዘሽ ስትገቢ እጁን አነሳ። አንቺም "ውይ፣ የልጁን ጸጉር እያበጠረላት!" ብለሽ ሳቅሽ። ደስታሽን ላለማጥፋት ሻዩን ተቀብዬ ጠጣሁ። በነጋታው ሻንጣዬን አነሳሁ።

እንግዲህ አንቺ እኔን ላለማስፈራት ብለሽ ደበቅሽ፣ እኔም አንቺን እንዳላስፈራ ብዬ ደበቅሁ። መሐል ላይ የተቆረጠው ያንቺ እጅ ነው። እዚህ ቤተ ሙከራው የሚቆለፍ በር አለው፤ እኔ ግን ወንበሬን አዙሬ በሩን እያየሁ ነው የምመዝነው። ይህን ካንቺ ነው የተማርኩት፤ ወይም አንቺ ከእኔ።

ትናንት ከተማ ወጥቼ ነርሷን በስልክ አገኘኋት። ዳኛው ሁሉንም ነግሯታል። አረጋውያን መኖሪያው ውስጥ ቦታ እንዲይዙለት ለምኛታለሁ። እሱን ስለጠላሁት አይደለም። እባክሽ እምቢ አትበይኝ።

ሚጣሽ


የካቲት 8

ለልጄ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ቀደድኩት። ከዚያ ቁርጥራጩን ሰብስቤ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሜ እንደገና አነበብኩት። ስትጮኺ አለመስማቴን እስክሞት አልረሳውም። ሻዩን ሳፈላ ይሆናል። ውኃው መፍላቱን በእንፋሎቱ ነው የማውቀው፤ የልጄን ጩኸት በምን ልወቀው?

ግን ደግሞ ተናድጄብሽ ነበር። ከምላጩ ይልቅ ያስፈራኝ "ቦታ እንዲይዙለት" ያልሽው ቃል ነው። ሰውዬው ዕቃ ነው እንዴ ቦታ የሚያዝለት? ነርሷ ስትመጣ በር ላይ ቆሜ አላስገባም አልኳት። እሷም አልተቆጣችም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ፤ ዝናብ ሲያካፋባት አፍሬ አስገባኋት።

ምላጩ የት እንደከረመ ልንገርሽ። በሩ ጀርባ የተሰቀለው ነጭ ጋዋኑ ውስጥ ነው። ኪሱን በርብረን ነበር፤ እሱ ግን ገበሩን ተርትሮ ከውስጥ ከቶታል። ማኅደሩን ከነምላጮቹ ዳኛው ወስዶ ለማኅበሩ አስረከበ። በምትኩ የጸጉር ማስተካከያ ቶንዶስ አመጣለትና ራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠለት። አባትሽ የዳኛውን ጭንቅላት ግማሹን በሥርዓቱ አስተካክሎ ሲያበቃ ግማሹን ረስቶት ገብቶ ተኛ። ዳኛው እንደዚያው ግማሽ ጎፈሬ ሆኖ ሰፈሩን አቋርጦ ሄደ። እጄ ከተቆረጠ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ነርሷ ሌላም መንገድ ሞክራለች። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለወጠለት። ዳኛው ቀኑን ሙሉ እንዲውል ተደረገ፤ ሲመሽ ሌላ ሰው ይተካዋል። ለትንሽ ጊዜ ሰላም ሆነልን ስል፣ አባትሽ ተተኪውን በወንበር መታውና ሰውዬው ሁለተኛ አልመጣም። ማኅበሩ ሌላ የሚያድር ሰው የለውም።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልነገርኩም።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ዳኛው አጥሩ ጋ ቆሞ ያየናል። አባትሽ የታሰረ እጄን አነሳና አገላብጦ አየው።

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"ቆርቆሮ ቆረጠኝ" አልኩት።

ቀስ ብሎ "ሎጋዬ" አለኝ። ስንጫጭ ያወጣልኝ ስም ነው፤ ከንፈሩ ላይ ካየሁት ዘመን የለውም። "ሎጋዬ፣ እኔ ነኝ አይደል?"

እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የሰው ዕቃ ይመስል ያያቸው ጀመር።

"እጄን ፈራሁት" አለኝ። "ቀን ቀን ቤቱ ውስጥ ሌባ አለ፤ አየዋለሁ። ስይዘው አንቺ ትሆኚያለሽ። ሰው ወዳለበት ውሰጂኝ። ነገ እምቢ ብል እንዳትሰሚኝ።"

"እንኳን ነገ፣ ዛሬስ መቼ ሰማሁህ?" አልኩት።

ሳቀ! ሚጣ፣ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ እያለቀስኩ። ዳኛው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሻይ ይዤለት ስመለስ ግን ብድግ ብሎ "እትዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ።

ለነርሷ እሺ ብያታለሁ። የሚሄደው በሚመጣው ሐሙስ ሳምንት ነው። ብትመጪልኝ። ፈርቻለሁ። ይህን ቃል ከጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ አውጥቼ ስጥለው ነበር የከረምኩት። እሱን ፈርቻለሁ፣ እሱ የሌለበትን ቤትም ፈርቻለሁ።

እናትሽ


የካቲት 24

እማዬ፣

አልመጣሁም። ታውቂያለሽ። ግን አልፈለገችም እንዳትዪ። ፈቃድ ተሰጥቶኝ ነበር። አውቶብስ ተራ ድረስ መጥቼ ትኬቱን ይዤ ተሰለፍኩ። ከኋላዬ የቆመ ሽማግሌ ሻንጣዬ እንዳይወድቅ ብሎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ጮኬ ሰልፉን ጥዬ ሮጥኩ። ሰዎቹ ሽማግሌውን እንደ ሌባ ሲያዩት ከሩቅ አየሁ፤ ተመልሼ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁትም። በሲሚንቶው መኪና ወደ ካምፕ ተመለስኩ።

እንዴት ሆነ? ሁሉንም ንገሪኝ፤ አታሳጥሪልኝ። አባዬን ፊት ለፊት ቆሜ ሳየው ምን እንደምሆን አላውቅም። አባቱን የሚፈራ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚጠይቀው?

ሚጣ


መጋቢት 15

ሚጣዬ፣

ቀኝ እጄ ብዕር መያዝ ጀምሯል። ትንሿ ጣቴ አልታጠፍ ብላለች፤ ዳኛው ጠዋት ጠዋት እየመጣ ኳስ ያስጨምቀኛል። አሁን የሚመጣው ለእኔ ነው። ማኅበሩ "እርስዎም እኮ አረጋዊት ነዎት" አለኝ። ሲሉኝ ነው ትዝ ያለኝ።

አታሳጥሪ ብለሻልና አላሳጥርም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ዳኛው አጥቦ ቡናማ ሱፉን አለበሰው። ነርሷ መኪና ይዛ መጣች። አባትሽ እስከ በሩ ድረስ በደስታ መጣ፤ ሱቅ የሚሄድ መስሎት ነው። መኪናው ውስጥ ሻንጣውን ሲያይ ግን የበሩን መቃን በሁለት እጁ ጨብጦ አልነቃነቅ አለ። ዳኛው አባብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቅቃል፤ እሱ መልሶ ይይዛል። ነገ እምቢ ብል እንዳትሰሚኝ ብሎኝ ነበር። ያለው ቀን ያ ነው።

ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። "እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አለኝ። ሁለተኛውን ሊናገር ሲል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለአንቺ ነው የምነግርሽ፦ ደንቆሮ ሰው ካላየ አይሰማም። ምን እንዳለኝ ዛሬም አላውቅም። ዳኛውን ጠየቅሁት፤ "አልያዝኩትም እማማ" አለኝ። ያ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዋሽ ሰማሁት፤ አመሰገንኩት።

ቤቱ እንዴት ነው ብትዪኝ፣ የሚያስፈራ ነው። ድምፅ አይደለም የቀረብኝ፤ ድምፅ ድሮም አልነበረኝም። የቀረብኝ የወለሉ መርገብገብ ነው። አባትሽ ሲራመድ ቤቱ እግሬ ሥር ይንቀሳቀስ ነበር። አሁን ወለሉ እንደ ድንጋይ ነው። አልጋዬ ላይ ተመልሼ መተኛት ጀምሬያለሁ፤ በሩን ግን አሁንም እቆልፋለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

እሱ ያለበት ቦታ ንጹሕ ነው። ክፍሉን የሚጋራው ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው፤ ሁለቱም ሌላኛው በእንግድነት የመጣ ይመስላቸዋል፤ እርስ በርስ ይስተናገዳሉ። አንዳንድ ቀን ሰላም ነው። አንድ ቀን ግን አባትሽ የአስታማሚዋን ክንድ ጠምዝዞ አስለቅሷታል። ድኖ የሚመለስ እንዳይመስልሽ፤ ነርሷም አልሸነገለችኝም።

እኔ ማክሰኞና ቅዳሜ እሄዳለሁ። ዳኛው እስከ በሩ ያደርሰኛል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከኮሪደሩ ሳላየው ተመለስኩ። በሚቀጥለው ገባሁ። ሲያየኝ አልጋው ጥግ ድረስ ሸሸ፤ በመዳፉ ፊቱን ከለለ። እኔ እንደከለልኩት። በሕይወቴ ሰው ፈርቶኝ አያውቅም ሚጣ። ስልክ ቤት እንኳ ተለማማጆቹ አይፈሩኝም ነበር። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ሳስበው፣ ይህ ሰው ይህን ሁሉ ወር በገዛ ቤቱ እንዲህ ነበር የሚያድረው። የማያውቃት ሴት ትመጣለች፣ ትሄዳለች፣ ሲያናግራት አትመልስም።

ባቡር ነጂው ነው ወንበር የሳበልኝ። ርቄ ተቀመጥኩ። የመጠየቂያው ሰዓት ሊያልቅ ሲል መዳፉን ከፊቱ አወረደ። ቅዳሜ ስመለስም እንደገና ሸሸ፤ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ከእሱ ዘንድ ነበርኩ፤ ዛሬ አልሸሸኝም፣ አላወቀኝምም። ብርቱካን ልጬ ሰጠሁት፤ በእጄ ነው የላጥኩት፣ ቢላ አይገባም። ግማሹን በልቶ ግማሹን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

"አባቱን የሚፈራ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚጠይቀው?" ብለሻል። ለአንቺ የሚሆን መልስ ፈልጌ ሦስት ቀን ደብዳቤሽን ይዤ ዞርኩ። ዳኛውን ጠየቅሁት፣ አያውቅም። ነርሷን ጠየቅኋት፣ ጊዜ ስጫት አለችኝ። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ማክሰኞ ጠዋት ጫማዬን አስሬ መልሼ እፈታዋለሁ። የግቢው ዘበኛ "ዛሬም መጡ?" ሲለኝ "አልመጣሁም" ብዬ ብመለስ ደስ ይለኛል። ከዚያ እገባለሁ። ፍርሃቱ ደጅ አይቀርልኝም፤ አብሮኝ ይገባል፣ አብሮኝ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ደህና ነኝ አልልሽም፤ አንቺም እንዳትዪኝ። አስፋልቱ ሲያልቅ ወይም ሳያልቅ፣ አለቃሽ ሲፈቅድ ወይም ሲቆጣ፣ በደረሰልሽ መኪና ተሳፈሪ። አብረን እንገባለን፤ እኔ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ። ከበሩ ማለፍ ካቃተሽ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠሽ ጠብቂኝ፤ ማንም አይታዘብሽም።

ፈርተሽም ቢሆን ነይ።

እናትሽ